የጣሪያችን አሞራ እና የባሌው ፍልፈል

ለዚህ እትም ስለ አንድ ብርቅዬ እንስሳ እንድጽፍ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አዞኝ ነበር። ብዙዎቻችሁ ነጭ ጆሮ ቆርኬን ትጠብቁ ይሆናል። እሱን ግን ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ጽፈውታል፣ ሥዕሉም እስካሁን በክበቡ ግድግዳ ላይ አለ። ስለዚህ እኔ በትምህርት ቤታችን ማንም ሰው አይቶት የማያውቀውን እንስሳ ልፈልግ ብዬ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል መረጥኩ።

የሳይንስ መምህራችንን ስለ ፍልፈሉ ስጠይቃቸው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ በአደጋ ላይ ያሉ የኢትዮጵያ እንስሳት በሰንጠረዥ ተዘርዝረዋል። ፍልፈሉን ቶሎ አገኘሁት፤ «በአደጋ ላይ ያለ» ይላል። ከእሱ በላይ ደግሞ ሌላ የባሰ ረድፍ አለ፤ «እጅግ ከፍተኛ በሆነ አደጋ ላይ ያለ» የሚል። እዚያ ረድፍ ውስጥ የአንድ አሞራ ፎቶ አየሁ። እንዴ! ይሄ እኮ በየቀኑ በክፍላችን ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ነው! መምህራችን ተሳስተው ይሆናል ብዬ ወረቀቱን መለስኩላቸው። እሳቸው ግን «አልተሳሳትኩም፣ ለምን እንደሆነ አንቺ ፈልጊና ጻፊው» አሉኝ። እናም ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ እንስሳ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሁለት ሆነ።

መጀመሪያ አሞራውን ላስተዋውቃችሁ፣ ምንም እንኳን ሁላችሁም ብታውቁት። አሞራ የምንለው ብዙ ዓይነት ነው። በባሮ ዳር ዓሣ በሚጸዳበት ቦታ እንደ ሽማግሌ ቆመው የሚጠብቁት፣ እግራቸው ረጅም የሆነና አንገታቸው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለባቸው ትልልቆቹ ማራቡ ይባላሉ። የእነሱ ነገር ሌላ ነው፤ በቀይ መዝገቡ ላይ ስጋት የለባቸውም። እኔ የምለው ትንሹን ጥንብ አንሳ ነው። ላባው ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ፊቱ ራቁቱን ነው፣ ከራሱ ኋላ እስከ አንገቱ ድረስ ግን ነጣ ያለ አጭር ጸጉር የመሰለ ነገር አለው። ቆብ ያጠለቀ ይመስላል። በእንግሊዝኛ ሁድድ ቨልቸር፣ ባለ ቆቡ ጥንብ አንሳ እንደማለት ነው። ሳይንሳዊ ስሙም ኔክሮሲርተስ ሞናኩስ ነው፤ ሞናኩስ ማለት መነኩሴ ነው። (ከላይ ያለውን ሥዕል የሳለው የክፍላችን ልጅ ነው። ቆቡን አሳምሮታል፣ ምንቃሩን ግን በጣም አወፍሮበታል። ምንቃሩ ቀጭን ነው።)

ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ ግራም ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ነው፣ ማለትም ከኔ ቁመት ይበልጣል። አንድ የሚገርም ነገር አለው። ሲናደድ ወይም በምግብ ሲጣላ ፊቱ ይቀላል። እኔ አላመንኩም ነበር፤ አንድ ቀን ከቄራ የተጣለ አንጀት ላይ ሁለቱ ሲሻሙ ቆሜ አየሁ፣ እውነትም እንደ ቲማቲም ቀሉ።

ምንቃሩ ቀጭን ስለሆነ የከብት ቆዳ መቅደድ አይችልም። ስለዚህ ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች ቀደው እስኪበሉ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ በአጥንትና በአጥንት መካከል የቀረውን ሥጋ እየለቀመ ይበላል። ሰው አይፈራም። ለዚህ ነው ከተማ የሚወደው። የምንጥለውን ትርፍራፊ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ፣ የሞተ ውሻና ዶሮ፣ ትልም ጭምር ይበላል። እኛ እንጸየፈዋለን፣ ግን እሱ ያላነሳው ነገር ሁሉ በዚህ በጋምቤላ ሙቀት በግማሽ ቀን ውስጥ ምን እንደሚሸት ታውቁታላችሁ። የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲድ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ እኛን የሚያሳምሙን ብዙ ጀርሞች እዚያ ውስጥ ይሞታሉ። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት የበላ ሰው ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ጥንብ አንሳው ግን በልቶ ይበራል።

አሁን ከሙቀቱ ወጥተን ወደ ብርዱ እንሂድ።

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሳነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ማታ ማታ ውሃ በረዶ ይሆናል። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሣርና ትንንሽ ቁጥቋጦ ነው ያለው። ግዙፉ ፍልፈል የሚኖረው እዚያ፣ መሬት ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ከባሌ ተራሮች ውጭ ብትሄዱ፣ ኬንያም ሂዱ አሜሪካም ሂዱ፣ አታገኙትም። ብርቅዬ የሚባለው ለዚህ ነው።

ፍልፈል ማለት ጉድጓድ እየቆፈረ የሚኖር፣ የአይጥ ዘመድ የሆነ አጥቢ እንስሳ ነው። የባሌው ግን ከዘመዶቹ ሁሉ ትልቅ ነው፤ ትልልቆቹ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይደርሳሉ። ራሱ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ በጣም ትልቅ ነው። ዓይኖቹ የተቀመጡት ወደ ራሱ አናት ተጠግተው ነው። ለምን መሰላችሁ? ከጉድጓዱ ትንሽ ብቅ ሲል ሌላው ሰውነቱ ሳይታይ ዙሪያውን ማየት ይችላል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ለትንሽ ጊዜ ይወጣል፣ አብዛኛው ሰውነቱ እንኳን ሳይወጣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለውን ሣር በጥርሱ ይነጫል፣ ይዞ ይገባል፣ ከዚያ በሩን በአፈር ይደፍናል። በዙሪያው ያለው ሣር ሲያልቅ ሌላ አፍ ይከፍታል።

ይህን ያህል የሚጠነቀቀው በቀይ ቀበሮ ምክንያት ነው። በባሌ የቀይ ቀበሮ ዋናው ምግብ ይህ ፍልፈል ነው። ቀይ ቀበሮው ጉድጓዱ አጠገብ ድምፅ ሳያሰማ ይጠብቃል። ፍልፈሉ ግን አንድ ጓደኛ አለው። ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት። ፍልፈሉ ሲቆፍር ከአፈሩ ጋር የሚወጡትን ትላትሎች ለመልቀም አጠገቡ ትሆናለች። አደጋ አይታ ስትጮህ ፍልፈሉ ወዲያው ይገባል። እሷ ምግብ ታገኛለች፣ እሱ ዘበኛ ያገኛል። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ።

ፍልፈሉን እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ይኸው ሰውዬ ስሙ ለአንድ ትልቅ ጥንብ አንሳም ተሰጥቷል። የኔን አሞራና የኔን ፍልፈል የሚያገናኛቸው ነገር ስፈልግ መጀመሪያ ያገኘሁት ይህን ነበር፤ ሌላው ማገናኛ ቆይቶ ይመጣል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ፍልፈሉ ያለው በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ነው። አሞራው ግን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አለ። በአፍሪካ ውስጥ እስከ 200,000 የሚጠጋ ሊኖር ይችላል ተብሎ ተገምቷል። ታዲያ እንዴት ነው አሞራው የባሰ አደጋ ላይ ያለው?

መልሱ ያለው በአቆጣጠሩ ውስጥ ነው። እንስሳትን በየደረጃው የሚመድበው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሚያዘጋጀው ቀይ መዝገብ ነው። ከደረጃዎቹ ሦስቱን ማወቅ ይበቃናል። ተጋላጭ፣ በአደጋ ላይ ያለ፣ እና እጅግ ከፍተኛ በሆነ አደጋ ላይ ያለ። ከዚያ በኋላ ያለው ከዱር መጥፋትና ጨርሶ መጥፋት ነው። አንድን እንስሳ ለመመደብ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ቀረ?» ብቻ አይደለም። «በምን ያህል ፍጥነት እየቀነሰ ነው?» የሚልም ጥያቄ አለ። «ያለበት ቦታ ምን ያህል ጠባብ ነው?» የሚልም አለ። ከጥያቄዎቹ በአንዱ እንኳን ከወደቀ ይመዘገባል። በፈተና እንደምናውቀው በአማካይ አይደለም ማለት ነው።

ፍልፈሉ የወደቀው በቦታ ጥያቄ ነው። ያለበት ቦታ ከ5,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ፣ ያም ቦታ እየተቆራረጠና እየተበላሸ ከሄደ፣ «በአደጋ ላይ ያለ» ይባላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠቅላላ ስፋቱ እንኳን ወደ 2,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ ፍልፈሉ ደግሞ የሚኖረው ከላይኛው ክፍል ብቻ ነው። በሚኖርበት ቦታ ግን ብዙ ነው። በጉድጓዱ ብዛት ምክንያት መሬቱ ጉብታ በጉብታ ነው። ሀብታም ሰው ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጠ ቁጠሩት። ገንዘቡ ብዙ ነው፣ ሳጥኑ ግን አንድ ነው።

አሞራው የወደቀው በፍጥነት ጥያቄ ነው። አንድ እንስሳ በሦስት ትውልድ ውስጥ ከ100 እጅ 80 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ የሚገባው የመጨረሻው ረድፍ ውስጥ ነው። ለዚህ አሞራ ሦስት ትውልድ ማለት 53 ዓመት ገደማ ነው። ተመራማሪዎች በአፍሪካ የተቆጠረውን ሰብስበው ሲያሰሉ በዚህ ጊዜ ውስጥ 83 በመቶ ቀንሷል የሚል ግምት ላይ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአደጋ ላይ ካሉት ጋር ተመዘገበ፣ በ2015 ደግሞ ወደ መጨረሻው ረድፍ ተዛወረ።

83 በመቶ ምን እንደሆነ ለማየት በክፍላችን ሞከርነው። 60 ተማሪዎች ነን እንበል። 50 ተማሪ ወደ ውጭ ወጣ፣ 10 ብቻ ቀረን። ክፍሉ ባዶ መሰለ፣ የምንናገረው ድምፅ ራሱ ያስተጋባ ነበር። ግን መምህራችን አንድ ነገር ተናገሩ። «50ው በአንድ ቀን ቢወጡ ሁሉም ሰው ይደነግጣል። በየዓመቱ አንድ ተማሪ ብቻ ቢቀርስ? ማን ያስተውላል?» አሉ። ለካ ነገሩ እንደዚያ ነው። 10ሩ ብቻ ያሉበትን ክፍል አይቶ ያደገ ልጅ «ክፍሉ እኮ ሰው አለበት» ነው የሚለው። እኔም ጣሪያው ላይ አሞራ ስላየሁ ብዙ መሰለኝ። አያቴን ስጠይቃቸው ግን «ይሄ ምን አለ? እኛ ልጅ ሆነን ከብት ሲታረድ ዛፉ በአሞራ ይጠቁር ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ ለምን ይቀንሳል? አሞራው እንቁላል የሚጥለው በዓመት አንድ ብቻ ነው። እናትና አባት ለአንድ ወር ተኩል ያህል ይታቀፉታል፣ ጫጩቱ ከሦስት ወር በላይ ጎጆ ውስጥ ይቆያል፣ ከወጣም በኋላ ለወራት ይመግቡታል። እንደ ዶሮ አይደለም። ስለዚህ አንድ ትልቅ አሞራ ሲሞት ለመተካት ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። በአንዳንድ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ደግሞ ለባህል መድኃኒትና ለዕድል ተብሎ ይገደላል። ጊኒ ቢሳው በምትባል አገር እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከ2,000 በላይ የሚሆኑ በመርዝ ሞተዋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ማለት ነው።

ስለ መርዝ ግን ጊኒ ቢሳው ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። ይህን ለመጻፍ አጎቴን አስፈቅጃለሁ። «ስሜን አትጻፊ እንጂ ጻፊው» ብለውኛል።

አጎቴ የሚኖሩት ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ጋ ሄጄ ነበር። ጅብ በአንድ ሳምንት ሦስት ፍየል በላባቸው። ሦስተኛዋ እርጉዝ ነበረች። አጎቴ ተናደው ከፍየሏ የቀረውን ሥጋ ለበቆሎ የገዙት የተባይ መድኃኒት ነሰነሱበትና ጅቡ በሚመጣበት መንገድ ላይ አስቀመጡት። ጠዋት ስንሄድ ጅቡ የለም። የራሳቸው ውሻ ሞቷል። በዙሪያው አራት አሞራዎች ሞተው አገኘን። አምስተኛው በሕይወት ነበረ፣ ግን መቆም አልቻለም፣ ክንፉን መሬት ላይ ዘርግቶ አንገቱን ያዞራል። ፊቱ ቀይ አልነበረም፤ ነጭ ነበር። ውሃ ላምጣለት ስል አጎቴ «አትንኪው፣ መርዙ ይነካሻል» ብለው ከለከሉኝ። ከሰዓት በፊት ሞተ። ጉድጓድ ቆፍረን ስድስቱንም ቀበርን።

ያኔ ለውሻው ነው ያለቀስኩት። ስለ አሞራዎቹ ምንም አላሰብኩም ነበር። አሁን ግን ሒሳቡን ሠራሁት። አምስት አሞራ ሞተ። አንድ ጥንድ በዓመት ቢበዛ አንድ ጫጩት ነው የሚያሳድገው። አንድ ጥንድ ብቻ የሞቱትን ይተካ ቢባል፣ አንድም ጫጩት ሳይሞትበት፣ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። እኔ በዚያን ጊዜ 12ኛ ክፍል እጨርሳለሁ።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔ እኮ ጅቡን ነው እንጂ አሞራውን አልፈለግኩም። ደግሞስ ፍየሎቼን ማን ይጠብቅልኝ? አንቺ ትመጪያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መልስ አልነበረኝም። መርዝ ግን መርጦ አይገድልም። ጅብ በማታ አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፣ አሞራ ግን ከሰማይ ሆኖ የሞተ ነገር ለማየት የተፈጠረ ነው፣ አንዱ ሲወርድ ሌሎቹ አይተው ይከተሉታል። ስለዚህ ለጅብ የተቀመጠ መርዝ ቀድሞ የሚያገኘው አሞራን ነው። አጎቴ አሁን ጋጣቸውን በወፍራም እሾህ አጥረውታል፣ ግልገሎቹን ደግሞ ማታ ማታ ቤት ያስገባሉ። ሽታው ከባድ ነው፣ እኔ እዚያ ሳድር ከግልገሎቹ ጋር ነው የምተኛው። ጅቡ እስካሁን አልገባም።

የፍልፈሉ ጠላት እንደዚህ አይደለም። እሱን አንድ ጠዋት አምስት የሚገድል መርዝ የለም። የሱ ችግር ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሰው መኖሪያ ሲያጣ ወደ ተራራው ይወጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ገብስ ይዘራል። ከብቱ ፍልፈሉ የሚበላውን ሣር ይበላል፣ መሬቱንም ይረግጣል። እነዚያ ሰዎች ክፉ ናቸው ማለት አይደለም፤ ልክ እንደ አጎቴ የሚበሉትን ነው የሚፈልጉት። ሌላው ደግሞ የአየር ሙቀት መጨመር ነው። እንስሳት ሲሞቅባቸው ወደ ላይ፣ ወደ ብርዱ ይወጣሉ። ፍልፈሉ ግን ያለው መጨረሻው ላይ ነው። በባሌ ትልቁ ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። እኛ ጋምቤላዎች በመጋቢት ሙቀት ወደ ጎሬ ሽቅብ መሄድ እንችላለን፤ እሱ የት ይሄዳል? የሚጠቅመው ነገር ቦታው የተከለለ መሆኑ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፣ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። ለአሞራው ግን እንዲህ ያለ አጥር ማጠር አይቻልም። ቤቱ የኛ ቤት ነው። የኛ ጣሪያ፣ የኛ ማንጎ ዛፍ፣ የኛ ቄራ።

እዚህ ላይ አንዱ የክበባችን ልጅ «ታዲያ አሞራ ቢጠፋ ምን እንሆናለን? ቆሻሻውን ውሻ ይበላዋል» አለ። ይህ ነገር እውነት ሆኖ የታየበት አገር አለ። ሕንድ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሕንድ ጥንብ አንሳዎች መሞት ጀመሩ፣ ማንም ምክንያቱን አላወቀም ነበር። በኋላ የተገኘው ምክንያት ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ነው። አዎ፣ ሰው ወገቡን ሲያመው በፋርማሲ የሚገዛው። ለታመመ ከብት ይሰጡት ነበር። ከብቱ ከሞተና ጥንብ አንሳው ከበላው ኩላሊቱ ይበላሽና ይሞታል። በጣም ብዙ ከነበረው አንድ ዓይነት ከ100 ከ99 በላይ አለቀ። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከለከለች። ጥንቡ ግን አልቀረም፣ እናም ልክ ጓደኛችን እንዳለው ውሻ በላው። ምግብ ያገኘ ውሻ ደግሞ ይወልዳል። ውሾች በዙ፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ በዛ። በአገራችንም በአዲስ አበባ አካባቢ ባሉ ቄራዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በተደረገ ክትትል ጥንብ አንሳዎች ሲቀንሱ ውሾች ሲበዙ ታይቷል።

እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ልዩነት ይህ ነው። ውሻም ይበላል፣ አሞራም ይበላል። አሞራው ግን አይነክስም።

ቆይቶ ይመጣል ያልኳችሁ ማገናኛም እዚህ ነው ያለው። በባሌ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የጨረሳቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ያመጣባቸውም የሰው ውሻ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ገብቶ ብዙዎቹ ሞተዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ትልልቅ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። በባሌ የሚበሉት ደግሞ ፍልፈሉን ነው። ስለዚህ አንድ በኩል ፍልፈሉ ቀይ ቀበሮውን ያበላል፣ በሌላ በኩል ጥንብ አንሳ የውሻን ምግብ ይሻማል። ሁለቱ በሕይወታቸው አይተያዩም፣ በመካከላቸው ያለው ውሻ ነው።

ያው ልጅ ደግሞ «ቀይ ቀበሮ ቢሞት ለፍልፈሉ ደስታ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ይህ ልጅ ጥያቄ አያልቅበትም። ለአንዱ ፍልፈል ደስታ ሊሆን ይችላል። ግን ፍልፈሉን ቀይ ቀበሮ አላሳነሰውም፤ ለብዙ ሺህ ዓመት ሲበላው ኖሯል፣ እሱም አልጠፋም። ያሳነሰው የቦታው መጥበብ ነው። ሰዎች ሳነቴን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡት ደግሞ በብዛት ለቀይ ቀበሮው ነው፤ ስለ ፍልፈሉ ብሎ የሚመጣ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። አያሳዝንም?

ከሁለቱ የቱ ይበልጥ ያሳስብሻል ብትሉኝ መጀመሪያ ፍልፈሉ ነበር የምለው፤ ብርቅዬ ስለሆነ። አሁን ግን አሞራው ነው። ብርቅዬ ማለት ሌላ ቦታ የሌለ ማለት ነው እንጂ ሊያልቅ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ ያለ ነገርም ሊያልቅ ይችላል። ፍልፈሉን የሚጠብቅ ፓርክና ዘበኛ አለ፣ አሞራውን የሚጠብቅ ግን የለም፤ በእረፍት ሰዓት በወንጭፍ የሚመታው ግን አለ። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እኔም አራተኛ ክፍል ሆኜ ወርውሬ አውቃለሁ። አልመታሁትም።

አሁን ሦስት ሆነን ጠዋት ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ በፊት እንቆጥራለን። በዚያ ሰዓት አየሩ ስላልሞቀ አሞራዎቹ ገና አልተነሱም፣ በጣሪያው፣ በውሃ ታንከሩና በማንጎው ዛፍ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘነው ትልቁ ቁጥር 14 ነበር። ሁለተኛው ሳምንት 9 ሆነና ደነገጥን። የበዓሉ ማግስት ግን 21 ቆጠርን፣ ከብት ስለታረደ ነው። መምህራችን በአንድ ቀን ቁጥር አትደንግጡም አትደሰቱም፣ በተመሳሳይ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቁጠሩ ብለውናል። ቁጥሩ በየሳምንቱ በሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ይለጠፋል። መቁጠር የምትፈልጉ ዓርብ ጠዋት 1፡45 ላይ ከውሃ ታንከሩ ሥር እንገናኝ። ወንጭፍ ይዞ የመጣ አይቆጥርም።